የዘጠኝ ቪዲዮ ካሴቶች ቅጣት፦ የካሊፎርኒያ ሕግና የተመጣጣኝነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1995 አንድ ሰው በካሊፎርኒያዋ ኦንታሪዮ ከተማ 84 ዶላር ከ70 ሳንቲም የሚያወጡ አምስት ቪዲዮ ካሴቶች ከመደብር ሰርቆ ተያዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በሞንትክሌር አራት ካሴቶች ሱሪው ውስጥ ሸሽጎ ሲወጣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ የእነዚህ ዋጋ 68 ዶላር ከ84 ሳንቲም ነበር። ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ስርቆት ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ሁለቱ ቅጣቶች ተደራርበው የሚፈጸሙ በመሆናቸው አመክሮ ለመጠየቅ 50 ዓመት መታሰር ነበረበት። ሲፈረድበት ዕድሜው 37 ነበር።

ለዚህ ፍርድ መሠረት የሆነው ካሊፎርኒያ በ1994 ያወጣችው የደጋጋሚ ወንጀለኞች ሕግ ነው። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአመክሮ የተፈታ፣ የወንጀል መዝገቡ የረዘመ ሰው የ12 ዓመት ልጃገረድ ከቤቷ ጠልፎ ገድሏል። ሕዝቡ በቁጣና በሐዘን ላይ እያለ የወጣው ሕግ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ 72 ከመቶ ድምፅ አገኘ። በሕጉ ዝርዝር ከሰፈሩት አደገኛ ወንጀሎች ሁለቱን የፈጸመ ሰው፣ ሦስተኛው ጥፋቱ ማንኛውም ከባድ ወንጀል ቢሆን ቢያንስ 25 ዓመት የሚያስቆይ ዕድሜ ልክ ይፈረድበት ነበር።

የካሴት ስርቆት እንዴት ከባድ ወንጀል ሊሆን ቻለ? በራሱ ሲታይ ጥቂት ወራት የሚያሳስር ቀላል ወንጀል ነው። ሰውየው ግን ቀደም ሲል በስርቆት ስለተቀጣ ዐቃቤ ሕግ ድርጊቱን ወደ ከባድ ወንጀል ከፍ ማድረግ ቻለ። ከዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰው ቤት ሰብሮ በመግባት የተፈረደበት መዝገብ ተስቦ መጣና ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ አሻገረው። ያለፈው ታሪኩ መጀመሪያ የወንጀሉን ዓይነት፣ ቀጥሎም የቅጣቱን መጠን ወሰነ። ለንጽጽር ያህል፣ በዚያው ግዛት በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈረድበት ሰው መነሻ ቅጣቱ 15 ዓመት የሚያስቆይ ዕድሜ ልክ ነው።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሕገ መንግሥቱ በ8ኛው ማሻሻያው ጭካኔ የተሞላበትና ያልተለመደ ቅጣትን ይከለክላል። ሆኖም በማርች 2003 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ቅጣቱን አጸና። የውሳኔውን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ሲሆኑ፣ ቅጣት ከጥፋቱ ጋር መመጣጠን አለበት የሚለው መርህ በቀደሙት ውሳኔዎች በግልጽ አልተቀመጠምና የግዛቱ ፍርድ ቤት ከምክንያታዊነት ወጥቷል ማለት አይቻልም አሉ። የቀደሙት ውሳኔዎች በእርግጥም የሚጣጣሙ አልነበሩም። በ1980 ሦስት ማጭበርበሮቹ ተደምረው 230 ዶላር በማይሞሉ ሰው ላይ የተፈረደው ዕድሜ ልክ ጸና፤ በ1983 ደግሞ የ100 ዶላር ስንቅ የሌለው ቼክ በጻፈ ደጋጋሚ ላይ የተወሰነው አመክሮ አልባ ዕድሜ ልክ ተሻረ። ዳኛ ዴቪድ ሱተር በልዩነት ሐሳባቸው፣ ይህ ቅጣት ከልክ ያለፈ ካልተባለ መርሁ ትርጉም የለውም ሲሉ ተከራከሩ።

የሕጉ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር ክብደት አለው። እንደ እነሱ አባባል ቅጣቱ የተጣለው ለካሴቶቹ ሳይሆን ከተደጋጋሚ ቅጣት በኋላም ለማይታረም ጠባይ ነው፤ መንግሥትም ኅብረተሰቡን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ሰውየው ለቀደሙት ጥፋቶች ቅጣቱን አስቀድሞ ተቀብሏል። ደጋጋሚነት ቅጣት ማክበዱ ተገቢ ቢሆንም፣ የሚከብደው የአሁኑ ጥፋት ቅጣት ነው፤ ያ ጥፋት ከስሌቱ ከጠፋ ሚዛኑ የሚያርፍበት አይኖረውም። ዳኞች የቀደመ ጥፋትን ከስሌት ሊያወጡ እንደሚችሉ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 ወስኗል፤ ይህ ግን የሰውን ዕድሜ በየችሎቱ በሚቀመጠው ዳኛ አመለካከት ላይ ይጥለዋል።

ሕጉን በመጨረሻ ያላሉት ያጸደቁት መራጮች ራሳቸው ናቸው። በኖቬምበር 2012 በሰጡት ድምፅ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ዕድሜ ልክ የሚፈረደው ሦስተኛውም ጥፋት አደገኛ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። እስር ላይ የነበሩትም ቅጣታቸው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ቻሉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሺህ በላይ ሰዎች ተፈቱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ቢሆን መመዘን እንደሚችል በ2010 አሳይቷል፦ ነፍስ ባላጠፉ ከ18 ዓመት በታች ልጆች ላይ አመክሮ አልባ ዕድሜ ልክ እንዳይፈረድ ከልክሏል። ለአዋቂዎች ግን የ2003ቱ ውሳኔ አልተሻረም። ሌላ ግዛት ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጣ ተከሳሹ የሚጋፈጠው ይህንኑ ውሳኔ ነው።