የአንድ እሑድ ሁለት ወርቅ

ዕለቱ እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፤ ቦታው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። አበበ ቢቂላ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሕመም በርትቶበት ሲያቋርጥ፣ አደራውን የተረከበው ማሞ ወልዴ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ከሮምና ከቶኪዮ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሦስተኛው የማራቶን ወርቅ ነበር። ይህን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ግን ማሞ ስታዲየሙ ሲገባ የከፍታ ዝላይ ፍጻሜ ገና አለማለቁን ነው። የብዙውን ተመልካች ዓይን ይዞ የነበረውም ዲክ ፎስበሪ የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ነበር።

ፎስበሪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1947 በኦሪገን ግዛት ነው። በትምህርት ቤት ሳለ ከጓደኞቹ የላቀ ዘላይ አልነበረም። የዘመኑ ሻምፒዮናዎች አግዳሚውን ዘንግ የሚሻገሩት ሆዳቸውን ወደ ዘንጉ አዙረው ነበር፤ እርሱ ግን ይህ ስልት አልሆነለትም። ስለዚህ እግርን እንደ መቀስ እየከፈቱ ወደሚዘለልበት አሮጌ ስልት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአንድ ውድድር ላይ መቀመጫው ዘንጉን እንዳይነካበት ወደ ኋላ ዘንበል ማለት ጀመረ። ዘንበል ማለቱ እየባሰ ሄዶ በመጨረሻ በጀርባው ተንጋሎ የሚያልፍ ሆነ።

ያየው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዘላዩ ወገቡን ለምጦ ሲያልፍ ራሱ ማዶ ተሻግሮ እግሩ ገና ወዲህ ስለሚቀር፣ የሰውነቱ የክብደት ማእከል ከዘንጉ በታች ሊያልፍ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያው ጉልበት ከበፊቱ ከፍ ያለ ዘንግ መሻገር ይቻላል ማለት ነው። ፎስበሪ በዚያ እሑድ 2 ሜትር ከ24 ዘሎ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ወርቁንም ወሰደ።

ከዚያ በኋላ በኦሊምፒክ አልታየም። እ.ኤ.አ. ለ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ማጣሪያውን ማለፍ ስላልቻለ፣ በተማረው የምሕንድስና ሙያ ሲኖር ቆይቶ በማርች 2023 ዐረፈ። ስልቱ ግን ዓለምን ወረሰ። ኩባዊው ሐቪየር ሶቶማዮር እ.ኤ.አ. በ1993 ያስመዘገበው፣ እስከ ዛሬ ያልተደፈረው 2 ሜትር ከ45ም የተዘለለው በዚሁ ስልት ነው።

ይህ ታሪክ እኛን ምን አገባን? የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። እኔ ያደግሁት አርሲ፣ ሁሩታ ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ከፍታ ዝላይ ነበር፤ ዘንጉ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መውደቂያው የተቆፈረ አሸዋ። በዚያ አሸዋ ላይ በእግር እንጂ በጀርባ የሚወድቅ ጤነኛ ሰው አልነበረም። የስፖርት መምህራችን ስለ ፎስበሪ ሲነግሩን ስልቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው አሳዩን፤ ሞክሩት ግን አላሉንም። ደግ አደረጉ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፎስበሪ ትምህርት ቤት በአሜሪካ አሸዋውንና የእንጨት ፍቅፋቂውን ትተው የስፖንጅ ፍራሽ ካነጠፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ፎስበሪ ድፍረትም ብልሃትም ነበረው። ይሁን እንጂ ፍራሹ ባይኖር ኖሮ ያ ብልሃት አንገት ከመስበር ያለፈ ፍሬ ባላፈራ ነበር።

አገራችን እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ፣ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን፣ የሩጫ ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ደማችን ነው፣ አየሩ ነው» እንላለን። አየሩ ማገዙ እውነት ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗ ለደገኛው ማሞ ጠቅሞታል። ነገር ግን የሁሩታ ልጅ እንዳይዘል የከለከለው ደሙ ነው ለማለት በመጀመሪያ የሚወድቅበትን ማንጠፍ ይገባ ነበር። ሩጫ ለመጀመር መንገድ ይበቃል፤ መንገድ ደግሞ አርሲ ሞልቷል። የዝላይ ትምህርት ግን ከአወዳደቅ ይጀምራል። ስንት ዘላይ እንደነበረን ሳናውቅ «ዘላይ የለንም» ማለትን ለምደናል፤ ፍርዱ የተሰጠው ፈተናው ሳይሰጥ ነው።