ላስት ክሪስማስ እና ሰባ ሰባት

ባለፈው የገና ዋዜማ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ኤፍኤሙ ያንን በየዓመቱ የሚመለሰውን «ላስት ክሪስማስ» ከፈተና አዘጋጁ «ይሄ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ለተጎዱ ወገኖቻችን የተዘፈነ ነው» አለን። ዶሯቸውን እግራቸው ሥር ያስቀመጡ እናት ዞር ብለው «ለኛ ነው እንዴ? ብሩስ ደርሶ ይሆን?» አሉኝ። «ኧረ እማማ፣ ዝም ብሎ ነው» አልኳቸው። ዘፈኑ በፍቅር የተከዳ ሰው እሮሮ ነው፤ ስለ ረሃብ አንድ ቃል የለበትም።

ነገሩ ግን ከነከነኝና ቤት ገብቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ጆርጅ ማይክል ዘፈኑን ለንደን ውስጥ የቀረፀው በእኛ 1976 ክረምት ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሳው፣ ማይክል በርክ የዘገበው የኮረም ምስል በቢቢሲ የታየው ደግሞ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በመሀሉ እዚህ አዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ተከብሯል። የከተማው ሰው እንኳ በቅጡ ያልተነገረውን ረሃብ የለንደኑ ዘፋኝ ከየት ሰምቶ ይዘፍንለታል? አዘጋጁን ያዝኩት አልኩ።

አልያዝኩትም። ኅዳር 16 ቀን 1977 ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፋኞችን ሰብስበው የባንድ ኤይድን ዘፈን ሲያስቀርፁ ጆርጅ ማይክልም አብሮ ዘፍኗል። (ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን ለሚያውቅ አገር «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ዘፈን ነው፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።) ያ ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ ሲሆን «ላስት ክሪስማስ» ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ዘፋኙን የረታው የገዛ ድምፁ ነው ማለት ይቻላል። ዘፈኑ አንደኛ የወጣው ከ36 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ጆርጅ ማይክል ግን በ2009 ዓ.ም.፣ ያውም በፈረንጆች ገና ዕለት አርፏል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጆርጅና ጓደኛው አንድሪው ሪጅሊ፣ ማለትም «ዋም»፣ የዘፈኑን የሮያሊቲ ገቢ በሙሉ ለኢትዮጵያ ረሃብ ዕርዳታ ሰጥተዋል። እንግዲህ ለእኛ አልተዘፈነም፤ ገንዘቡ ግን ለእኛ ተሰጥቷል። በ2002 ዓ.ም. ቢቢሲ የዕርዳታ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ዋለ የሚል ዘገባ አሰምቶ ነበር። የባንድ ኤይድን ገንዘብ በሚመለከት ግን ማስረጃ እንደሌለው አምኖ፣ ወራት ቆይቶ ይቅርታ ጠይቋል።

ይህን ሁሉ ለእማማ ብነግራቸው ደስ ባለኝ ነበር። እሳቸው ግን «ዝም ብሎ ነው» ያልኳቸውን ይዘው፣ ከነዶሯቸው መገናኛ ላይ ወርደዋል።