የበዓል ደስታና የበዓል ሂሳብ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ዓመታዊ በዓላችንን በመዋጮ እንቀጥል ወይስ አንድ ትልቅ ስፖንሰር እንፈልግ የሚል ክርክር ተነሥቷል። ከመወሰናችን በፊት የቀደሙንን ታሪክ ማየት ይበጃል።

በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 በሂዩስተን በ4 ቡድኖች ውድድሩን ጀመረ። በዓሉ አድጎ ከተማችን ቶሮንቶም በ2016 አስተናግዳዋለች። እንዲህ ያለ በዓል ሂሳቡ ከባድ ነው፤ ወጪው ይቀድማል፣ ገቢው ይከተላል። የስታዲየም ኪራይ፣ ኢንሹራንስና የጥበቃ ክፍያ አስቀድሞ ይጠየቃል። ገቢው የሚገኘው ግን በሩ ሲከፈት ከቲኬትና ከድንኳን ኪራይ ነው። ዝናብ ከጣለ የዓመቱ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ጉድለቱን የሚሞላ ለጋሽ መፈለጉ አይቀርም።

ታዲያ በአንድ ትልቅ ኪስ ላይ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል በ2012 አይተናል። በፌዴሬሽኑ ውስጥ የተነሣው አለመግባባት ወደ መለያየት አደረሰ። ነባሩ ፌዴሬሽን በዳላስ፣ በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ አላሙዲ የሚደገፈው አዲሱ ድርጅት ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት በዓል አዘጋጁ። ሕዝባችንም ለሁለት ተከፈለ። ነባሩ ፌዴሬሽን ያለዚያ ኪስ ዘለቀ፤ ያቆመውም ቲኬት ቆርጦ የገባው ሕዝብ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት እዚሁ ቶሮንቶ ይገኛል። የካሪቢያን ተወላጆች ካሪባናን የጀመሩት በ1967፣ ካናዳ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ ለአገሪቱ ስጦታ ብለው ነው። ሰልፉ በሚወጣበት ቅዳሜ ሌክ ሾር አካባቢ ተሳፋሪ የምናመላልስ ባለታክሲዎች የሕዝቡን ብዛት እናውቀዋለን። በ2009 የተደረገ ጥናት በዓሉ ለኢኮኖሚው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስገኝ ገምቷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚገባው ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ምግብ ቤቱና ወደ ሱቁ ነው፤ አዘጋጆቹ ከገንዘብ ችግር አልወጡም። መሥራቾቹ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ በወቅቱ ሳያቀርቡ በመቅረታቸው፣ በ2006 የከተማው ድጎማ ወደ ሌላ አዘጋጅ ተላለፈ፤ በዓሉም ከእጃቸው ወጣ።

እንግዲህ ስፖንሰር ይምጣ፣ አንጠላም። ነገር ግን እሱ ቢቀር በዓሉ እንዳይቀር መዋጯችን አይቋረጥ። እንደ እድራችን ሁሉ ገንዘብ ያዡና ሂሳብ መርማሪው ይለያዩ፤ መዝገቡም በየዓመቱ በጉባኤ ፊት ይነበብ። በዓሉን ለልጆቻችን ለማውረስ ዋስትናችን ይኸው ነው። ለ20ኛው ዓመት ያድርሰን!