በጎንደር የዘር ቆጠራ የቅጽል ስምና የመጠሪያ ስም አመዘጋገብ

በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ፣ ማለት በወገራ፣ በደባርቅና በስሜን፣ ሰው በአንድ ስም ብቻ ተጠርቶ አይኖርም። ሲወለድ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ የሚያወጡለት የዓለም ስም አለው። ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣል። ካደገም በኋላ ባልንጀሮቹ እንደ ጠባዩና እንደ መልኩ ቅጽል ያወጡለታል። የጦር ሰው የሆነ እንደሆነ ደግሞ በፈረሱ ስም አባ እገሌ ይባል ነበር። ሴት ልጅ ተድራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም የምታወጣላት አገር ብዙ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአባቷ መንደር በአንድ ስም፣ በባሏ መንደር በሌላ ስም ትታወቃለች።

ይህ ሁሉ በአፍ በሚነገርበት ዘመን እምብዛም ችግር አልነበረውም። ቆጣሪው ሽማግሌ ስሙን ሲጠራ አድማጩ ካልገባው «ያ እንኳ እንዲህ የሚሉት» ብሎ ያስረዳው ነበርና። ዛሬ ግን ብዙ ቤተ ሰብ፣ በተለይም ልጆቹ በውጭ አገር የሚኖሩ፣ የትውልድ ሐረጉን በኮምፒውተር ፕሮግራም እየመዘገበ ነው። መዝገቡም ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይዛወራል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው በዝውውሩ ጊዜ የቅጽል ስምና የመጠሪያ ስም ነገር እንደ ጌጥ ሊታይ የማይገባው መሆኑን ነው፤ ስሙ ሲጠፋ ሰውዬውም አብሮ ይጠፋልና።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ዘር የሚቆጠረው ለክብር ብቻ አይደለም። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ከዚያ በታች ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት እስኪሆን ድረስም የርስት ክርክር የሚቆመው በዚሁ ቆጠራ ላይ ነበር። ባለርስት ነኝ የሚል ሰው፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ስም በስም እየጠራ ማስረዳት ነበረበት። ከመካከል አንዱ አያት በሁለት ስም የሚታወቅ ሲሆን ተከራካሪው «ያ ሌላ ሰው ነው» ለማለት በር ይከፈትለታል። ርስቱ ቀርቷል፤ ሰባት ቤት መቁጠሩ ግን ዛሬም አልቀረም።

የነገሩን ጠባይ ለማየት ከነገሥታቱ ታሪክ የተሻለ ምስክር የለም፤ የእነርሱ ስም ተጽፎ ቆይቶልናልና። የጎንደር ሕዝብ ከተማይቱን የቆረቆረውን ንጉሥ ፋሲል ይለዋል፤ ግንቡም የፋሲል ግንብ ነው። ሙሉ ስሙ ፋሲለደስ፣ የዙፋን ስሙ ዓለም ሰገድ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ታሪክ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሠው አንዱ ሰው በሦስት መጠሪያ ቀርቷል ማለት ነው። የዙፋን ስም ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። የፋሲለደስ አባት ዐፄ ሱስንዮስ መጀመሪያ የዐፄ ሠርጸ ድንግልን የዙፋን ስም መለክ ሰገድን ወሰደ፤ ኋላ ደግሞ ሥልጣን ሰገድ ተባለ። በዙፋን ስም ብቻ የሚመዘግብ ሰው ሁለቱን ነገሥታት አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የእቴጌ ምንትዋብ ስም ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። በታኅሣሥ 1723 ዓ.ም. ዘውድ ስትጭን የተሰጣት ስም ብርሃን ሞገሳ ነው። ምንትዋብ የሚለው፣ ትርጓሜው «ምን ያህል ውብ» ማለት የሆነው፣ ውበቷን ያዩ ሰዎች ያወጡላት የቁልምጫ ስም ነው። ከሦስቱ የትኛው «እውነተኛ» ነው ቢባል ካህኑ የመጀመሪያውን፣ ጸሐፌ ትእዛዙ ሁለተኛውን ይላል። ጎንደር ግን ሦስተኛውን መረጠ፤ ቁስቋምን ለማየት የሚወጣ እንግዳም የሚነገረው ይኸው ስም ነው። ልጇ ዳግማዊ ኢያሱም የዙፋን ስሙ ብርሃን ሰገድ ሲሆን በእናቱ አገር በቋራ ምክንያት ቋረኛ ኢያሱ ተብሏል። ይህ ቅጽል ከአያቱ ከታላቁ ኢያሱ ይለየዋል። ቅጽሉን እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሰረዘ መዝጋቢ የልጅ ልጁንና አያቱን ሊያምታታ ነው።

አሁን ወለተ ጊዮርጊስ የሚለውን ስም በምዕራብ አገር ለተሠራ ፕሮግራም እንስጠው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከክፍት ቦታው በስተቀኝ ያለውን የመጨረሻ ቃል የቤተ ሰብ ስም አድርጎ የመውሰድ ልማድ አለው። ስለዚህ ሴትዮዋ «ወለተ» ትባላለች፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም የቤተ ሰቡ ስም ይሆናል። ይህ ቢያስቅም የሚከተለው ግን አያስቅም። ዐፄ ኢዮአስን የገደለው የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ይባላል። ስሑል ማለት የተሳለ ማለት ነው፤ የብልህነቱ ቅጽል እንጂ የአባቱ ስም አይደለም። እኛ የራስን ስም በአባት ስም ማስከተል ልማዳችን ስለሆነ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን የዛሬ ተማሪም ስሑልን አባት ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ዓይነት በሕይወት ያልነበረ አንድ አባት ይወለዳል፤ ልጆቹንም መፈለግ ይጀመራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕጉ ቢጻፍም የቤተ ሰብ ስም በሕዝባችን ዘንድ ሥር አልሰደደም። እኔ በበኩሌ አልቆጭበትም፤ ቢሆንም ለውጭ አገር ፕሮግራም ባዶ ሣጥን ትተንለታል፤ እርሱም ባገኘው ቃል ይሞላዋል።

ፕሮግራሞቹ መዝገብ የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ ጌድኮም ይባላል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ 7.0 የሚባለው እትሙ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ይህ ደንብ ሲነበብ ሰዎች እንደሚያሙት ጠባብ አይደለም። ለአንድ ሰው ብዙ ስም መመዝገብን ይፈቅዳል፤ በመጀመሪያ የተቀመጠውም የተመረጠው መጠሪያ ሆኖ ይቆጠራል። ለቅጽል ስም የራሱ የሆነ ምልክት አለው። በአዲሱ እትም ደግሞ የእያንዳንዱን ስም ዓይነት መግለጽ ይቻላል፤ ከተዘረዘሩት ዓይነቶች ውስጥ ከሌለ «ሌላ» ብሎ በቃል ማብራራት ይፈቀዳል። የፈረስ ስም ለሚለው ነገር ስፍራ ተገኘለት ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ፕሮግራሞቹ ደንቡን በሚጠብቁበት መንገድ ነው። አንዱ ቅጽሉን በትእምርተ ጥቅስ አድርጎ በስሙ መካከል ይሰካዋል፤ ሌላው በማስታወሻ ውስጥ ይጥለዋል፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስም በቀር የቀረውን አያሳይም። ከሁሉ የከፋው አልያ በሚባለው ምልክት ላይ የሚደርሰው ነው። በደንቡ ይህ ምልክት የተሠራው አንድ ሰው ሳይሆኑ እንዳልቀሩ የሚጠረጠሩ ሁለት የተለያዩ መዝገቦችን ለማያያዝ ነው። ብዙ ሰዎችና አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ቃሉ ቅጽል ስም ማለት መስሏቸው ቅጽሉን በዚያ ጻፉት። ደንቡን አጥብቆ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሲቀበለው ታዲያ ቅጽሉን የሌላ ሰው መዝገብ አድርጎ ይፈልጋል፤ ወይም ያልገባውን ይጥላል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚቀር አለመሆኑን ከቅርብ አይቻለሁ። ከእናቴ ወገን በደባት አካባቢ የተጻፈ አንድ የዘር ደብተር አለ። በደብተሩ ውስጥ አንዲት ቅድመ አያት በሦስት ስም ትገኛለች፤ በአባቷ ሐረግ በዓለም ስሟ፣ በባሏ ሐረግ አማቷ ባወጣችላት ስም፣ ተዝካሯ በተጻፈበት ገጽ በክርስትና ስሟ። ጸሐፊው ሁሉንም ያውቅ ስለነበር ማስረዳት አላስፈለገውም። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ደብተሩን በአንድ ፕሮግራም ሲመዘግብ ሦስቱንም ስሞች በአንዲት ሴት ሥር አስቀመጣቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ መዝገቡ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲዛወር ግን አንዲቱ ሴት ሁለት ሴቶች ሆና ወጣች፤ ልጆቿም ግማሾቹ ለአንዷ፣ ግማሾቹ ለሌላዋ ተሰጡ። ሽማግሌዎቹ አራት ቤት የሚቆጥሩላቸው ሁለት ወጣቶች በኮምፒውተሩ ዘንድ ባዕዳን ናቸው። የሚያሰጋውም ይህ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ የሚቀረው ምስክር ኮምፒውተሩ ብቻ ይሆናልና።

የትኛው ስም መጀመሪያ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በጓደኞቼ ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የክርስትና ስም ይቅደም የሚሉ አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ፊት ሰውዬው እርሱ ነውና። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው፣ በብራና መጻሕፍት ላይም ባለቤቱ ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ስም ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ደብር ዙሪያ ስንት ወልደ ሚካኤልና ስንት ወለተ ማርያም እንዳለ ማሰብ ይገባል። ሰውን ከሰው የማይለይ ስም ለቆጠራ ራስ ሊሆን አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ መቅደም ያለበት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሲቆጥሩ የሚጠሩት ስም ነው፤ የዓለም ስም ይሁን የፈረስ ስም ይሁን የቁልምጫ ስም ልዩነት አያመጣም። ምንትዋብን ምንትዋብ ብለን መጻፋችን ይህንኑ ፍርድ ሳናውቀው መቀበላችን ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን የዙፋን ስም አደረጉት፤ ተፈሪ የሚለው የዓለም ስማቸው ግን ባሕር ተሻግሮ በጃማይካ የአንድ እምነት መጠሪያ ሆነ። የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘውም በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ለዘመተው የቃኘው ሻለቃ ተሰጠ። የትኛው ስም እንደሚተርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ መዝጋቢ የለም፤ ስለዚህ የመምረጥ ሥልጣን ቢኖረው እንኳ የመሰረዝ ሥልጣን የለውም።

ስም የወጣበት ጊዜም ከስሙ ጋር መጻፍ አለበት። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም፣ ደጃዝማች ውቤ ለራሱ ዘውድ ባሰበበት ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ከዚያ ቀን በፊት ስለሆነው ነገር ቴዎድሮስ ብሎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል፤ መይሳውና አባ ታጠቅ የሚሉትም ከየቦታቸው ቢቀመጡ ይጠቅማሉ። የደጃዝማች ውቤን ልጅ፣ የልዑል ዓለማየሁን እናት፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ጥሩወርቅ፣ አንዳንዱ ጥሩነሽ ይላታል። ሁለቱን ስም በአንድ መዝገብ ያላስተሳሰረ ሰው ለዐፄ ቴዎድሮስ አንዲት ሚስት ይጨምርላቸዋል።

የስድብ ቅጽልስ? አባቱ ታላቁ ኢያሱ በተገደለ ጊዜ ነግሦ የነበረው ተክለ ሃይማኖት ርጉም ተባለ። ስድስት ጊዜ እየነገሠ የወረደውን ተክለ ጊዮርጊስንም ፍጻሜ መንግሥት አሉት። ሁለቱም እነዚህን ስሞች ለራሳቸው የሚመርጡ አልነበሩም። እንዲህ ያለው ቅጽል ሰውን ከሞክሼው ስለሚለይ ይመዝገብ፤ መጠሪያ ሆኖ ግን አይቅደም፤ ማን እንዳወጣውም አብሮ ይጻፍ።

የፊደሉን ነገር በአጭሩ ላንሳ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት በልዩ ልዩ ፊደል የተጻፉ መዝገቦች ሲዛወሩ የማይነበብ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬም ቢሆን ኃይሉና ሀይሉ፣ ሣህሉና ሳህሉ ለፕሮግራሙ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌላውን እንደ ተጨማሪ ስም ማስገባት ይበጃል።

እንግዲህ መዝገብ የሚያዛውር ሰው ከማዛወሩ በፊት እያንዳንዱን ስም ለብቻው፣ ከነዓይነቱና ከነጠሪው ይጻፍ፤ በቅንፍም ሆነ በቤተ ሰብ ስም ሣጥን ውስጥ አይሸሽገው። ካዛወረም በኋላ የሰዎቹን ቁጥር ከፊተኛው ጋር ያስተያይ፤ ቁጥሩ ከጨመረ አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ይሆናልና መርምሮ ያግኘው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እርሱም በሕይወት ያሉ ሰዎች የክርስትና ስም ነው። በደጋው ብዙ ሰዎች የክርስትና ስማቸውን ለማንም አይናገሩም፤ ክፉ ሰው ካወቀው በመተት ይጎዳበታል ብለው ይፈራሉ። የንስሐ አባታቸውና እናታቸው ብቻ የሚያውቁት አሉ። የተማረ ሰው በዚህ ሊስቅ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ስሙ የባለቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት ሳለ ሣጥኑ ባዶ ይሁን፤ ሲሞትም ለፍትሐቱ ካህኑ ስሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል፤ መዝጋቢውም ያን ጊዜ ይጻፈው።