ሪጎሬ የሳተው አጥቂ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬ ከወደ ምዕራብ ነው። ስለ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሲነሳ አንዱ የአሶሳን ማንጎ ያወራል፣ ሌላው ወርቁን፣ ሌላው ጉባ ላይ ዓባይን የገታውን ግድብ። የኳስ ሰው ከጠየቃችሁ ግን መልሱ አንድ ነው፤ ሳላዲን ሰኢድ! ከዚያ ክልል ወጥቶ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተሰለፈው አጥቂ።

በ2004 ዓ.ም ጳጉሜ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፤ ሦስቱ ጎሎች ግን ስንቅ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፍናቸው፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው እናልፋለን። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተችው በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ ነበር፤ ያኔ ሳላዲን ገና አልተወለደም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም ደረሰ። የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባ። ስታዲየሙ ጩኸቱን ሳይጨርስ ሳላዲን ደገመ። በቃ፣ አለፍን!

ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት። ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ። ሪጎሬ አገኘን። ኳሷን ማን አስቀመጠ? ሳላዲን። መታ፤ በረኛው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ብዙም ሳይቆይ የእኛው በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም አገባች። አዳነ ግርማ ባይደርስልን፣ አሥር ሆነንም 1 ለ 1 ባንወጣ፣ ያቺ ሪጎሬ ስንት ታስወራ ነበር! ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን አገራችን ገባን።

እንግዲህ እኔ የምለው፣ ሪጎሬ የሳተ አጥቂ ሞልቷል፤ ከሳተ በኋላ «ኳስ አምጡ» የሚለው ነው የሚያንሰው።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበረ። ምንያህል ተሾመ በቅጣት ላይ ሳለ ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ጳጉሜ 2 ቀን 2005 ዓ.ም ብራዛቪል ላይ የማዕከላዊ አፍሪካን ሪፐብሊክ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ማን አገባ? አንዱን ራሱ ምንያህል፣ ሌላውን ሳላዲን! ከምድባችን አንደኛ ሆንን። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ በደርሶ መልስ ባታስቆመን፣ ጉዞው ብራዚል ነበር።

ሳላዲን በግብጽ ዋዲ ደግላ፣ በቤልጅየም ሊርስ ተጫወተ። በ2006 ዓ.ም ክረምት ደግሞ የካይሮው አል አህሊ ወሰደው። ከዚያም ወደ አልጀርስ፣ ኋላም ወደ ጊዮርጊስ ሄደ።

እናንተም አሶሳ ይሁን ግልገል በለስ ሜዳ ዳር ቆማችሁ የልጆች ጨዋታ ስታዩ፣ ያገባውን ብቻ አትቁጠሩ። የሳተው ልጅ ቀጣዩን ኳስ ይጠይቅ እንደሆነ እዩ፤ ከጠየቀ ስሙን ያዙት።