ጥቂት ብርሃን፣ ብዙ ሥራ፤ በብርሃን ስለሚወለደው አሲድ አጭር ታሪክ

ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እድገት በሚጻፈው ታሪክ ውስጥ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለፊዚክስ ሊቃውንትና ለመሐንዲሶች ነው፡፡ ትራንዚስተርን እነማን እንደ ፈለሰፉ፣ ብዙውን ትራንዚስተር በአንድ ገበታ ላይ እነማን እንዳዋሐዱ ብዙ ተማሪ ያውቃል፡፡ ነገር ግን እነዚያ ረቂቅ መስመሮች በሲሊኮኑ ላይ የሚታተሙት በምን ዘዴ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በብርሃን ኃይል አሲድ የሚወለድበት፣ ያም አሲድ የብርሃኑን ሥራ ብዙ መቶ ጊዜ የሚያበዛበት የኬሚስትሪ ዘዴ ነው፡፡ ሐሳባችን በአጭሩ ሲነገር ዘዴው የተወለደው ከብርሃን እጦት ነው፤ በመሠረቱም የጥንቱን የፎቶግራፍ ሕግ እንደ ገና በሥራ ላይ ያዋለ ነው፡፡ ሆኖም ማባዛት ያለ ዋጋ አይገኝምና፣ ጥቅሙን የሰጠው ጠባይ ራሱ ችግሩንም አምጥቷል፡፡ በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፡፡

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው፡፡ በፈረንሳይ አገር ኒሴፎር ኒዬፕስ የተባለው ሰው በ1820ዎቹ ዓመታት ሬንጅ በብረት ገበታ ላይ በስሱ ቀብቶ ለብርሃን አጋለጠው፡፡ ብርሃን ያረፈበት ሬንጅ ደረቀ፤ ብርሃን ያልነካው ግን በላቬንደር ዘይት ሲታጠብ ተለቀቀ፡፡ ከዚህም የተነሣ ከመስኮቱ ወደ ውጭ ያለው ሕንፃ በገበታው ላይ ታየ፡፡ ነገር ግን አንዱን ሥዕል ለማግኘት ገበታው ብዙ ሰዓት በፀሐይ ፊት መቆየት ነበረበት፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ በዚህ ዘዴ ብርሃኑ ረዳት የለውም፤ የሚደርቀውን ሬንጅ ሁሉ ራሱ ማድረቅ አለበት፡፡

ከዚህ ጭንቅ ያወጣው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው፡፡ በ1840 በመስከረም ወር ታልቦት አንድ ነገር አስተዋለ፡፡ በብር ጨው የተነከረ ወረቀት ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ካየ በኋላ ምንም ሥዕል ባይታይበትም፣ በጋሊክ አሲድና በብር ናይትሬት ሲታጠብ የተሰወረው ሥዕል ብቅ አለ፡፡ በፈረንሳይም ሉዊ ዳጌር ከዚያ ቀደም ብሎ በሜርኩሪ እንፋሎት ተመሳሳይ ነገር አግኝቶ ነበር፡፡ ኋላ ሊቃውንቱ እንደ ተረዱት፣ ብርሃን በአንዲት የብር ጨው ቅንጣት ላይ ጥቂት የብር አቶሞችን ብቻ ቢፈጥር፣ ማጠቢያው መድኃኒት የቀረውን ሥራ ይፈጽመዋል፤ በቅንጣቲቱ ውስጥ ያሉትን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ አቶሞች ወደ ብር ይለውጣቸዋል፡፡ እንግዲህ ብርሃን ሥራውን ይጀምራል እንጂ አይጨርስም፡፡ የፎቶግራፍ ሥራ ከአንድ ትውልድ በላይ ሳይቆይ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፡፡

ይህን ሕግ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ በመጀመሪያ አልተጠቀመበትም፡፡ ከ1958 እና ከ1959 ዓመታት በኋላ፣ ጃክ ኪልቢና ሮበርት ኖይስ የተዋሐደውን የኤሌክትሪክ ገበታ ባስገኙ ጊዜ፣ ሥዕሉን በሲሊኮን ላይ ለማተም ያስፈለገው ብርሃን የሚሰማውና ብርቱ አሲድ የሚቋቋም ሽፋን ነበር፡፡ ይህ ሽፋን ፎቶሬዚስት ይባላል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ፎቶሬዚስቶች ከማተሚያ ቤት ሥራ የተወሰዱ ናቸው፡፡ ከእነርሱም መካከል ኮዳክ በአሜሪካ ያዘጋጀው፣ እንዲሁም የጀርመኑ ካሌ ኩባንያ ለማተሚያ ገበታ የፈለሰፈው ይገኙበታል፡፡ የጀርመኑ ዓይነት ለብዙ ዓመታት የኢንዱስትሪው ዋና ሽፋን ሆኖ ኖረ፡፡ ግን እንደ ኒዬፕስ ሬንጅ ሁሉ ረዳት አልነበረውም፡፡ ፎቶን የሚባለው አንዱ የብርሃን ቅንጣት ቢበዛ አንድ ሞለኪውል ይለውጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሦስትና አራት ፎቶኖች ጠፍተው አንድ ሞለኪውል ብቻ ይለወጣል፡፡

ብርሃን እስከ በዛ ድረስ ይህ ብክነት ማንንም አላስጨነቀም፡፡ የሜርኩሪ መብራት በ436 እና በ365 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ብዙ ብርሃን ይሰጣል፡፡ ነገር ግን መስመሩ እንዲረቅ የብርሃኑ ሞገድ ማጠር አለበት፤ ይህ የኦፕቲክስ ሕግ ነው፡፡ በ1970ዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶቹ ወደ 250 ናኖሜትር ገደማ ለመውረድ ባሰቡ ጊዜ ሁለት መሰናክል አገኛቸው፡፡ አንደኛ፣ የሜርኩሪው መብራት በዚያ ሞገድ የሚሰጠው ብርሃን እጅግ ያነሰ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ የቆየው ሽፋን በዚያ ሞገድ ብርሃንን ከላይ ስለሚውጠው ወደ ታች አያሳልፍም፡፡ ስለዚህ ወይ መብራቱን ማጠንከር፣ ወይም ጥቂት ብርሃን ብዙ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፡፡

ሁለተኛውን መንገድ የመረጡት በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ በአይ ቢ ኤም የምርምር ቤት የነበሩ ሦስት ኬሚስቶች ናቸው፡፡ ግራንት ዊልሰን የምርምር ቤቱ ሰው ነበር፤ ዣን ፍሬሼ በ1979 ከካናዳ ከኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የፖሊመር መምህር ነበር፤ ሂሮሺ ኢቶ ደግሞ በ1980 የገባ ጃፓናዊ ተመራማሪ ነበር፡፡ በ1982 ሐሳባቸውን ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረቡ፤ በ1985 መጀመሪያም በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጣቸው፡፡ ዘዴያቸውንም ኬሚካዊ ማጉላት ብለው ሰየሙት፡፡

ዘዴው እንዲህ ነው፡፡ ሽፋኑ የሚሠራው ፖሊመር ከሚባለው ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው፡፡ በእያንዳንዱ የሰንሰለት ቀለበት ላይ እንደ ክዳን ያለ ነገር ተገጥሟል፤ ኬሚስቶች ቲ-ቦክ ይሉታል፡፡ ክዳኑ እስካለ ድረስ ፖሊመሩ በአልካሊ ውሃ አይሟሟም፡፡ ከፖሊመሩ ጋር ጥቂት ኦኒየም የሚባል ጨው ይደባለቃል፤ ይህ ጨው ብርሃን ሲነካው ብርቱ አሲድ ይወልዳል፡፡ ከዚያም ገበታው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ አሲዱ ክዳኑን ያስለቅቀዋል፡፡ ክዳኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አይሶቡቲሊን የተባሉ ጋዞች ሆኖ ይሄዳል፤ አሲዱ ግን ሳያልቅ ነፃ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ክዳን ያልፋል፡፡ በአንድ ቁልፍ ብዙ በር እንደሚከፍት ዘበኛ፣ አንዱ የአሲድ ቅንጣት ብዙ መቶ ክዳን ይከፍታል፡፡ እንግዲህ በታልቦት ወረቀት ጥቂቶቹ የብር አቶሞች የነበራቸውን ቦታ እዚህ አሲዱ ይዞታል፤ የማጠቢያው መድኃኒትም ድርሻ ለሙቀቱ ደርሷል፡፡

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ ለውጥ ያመጣው ኤክሳይመር የተባለው የሌዘር መብራት ነው ይላሉ፡፡ በእርግጥ ሌዘሩ በ248 ናኖሜትር፣ ኋላም በ193 ናኖሜትር ብርቱ ብርሃን ስለ ሰጠ ለኢንዱስትሪው ትልቅ ባለውለታ ነው፡፡ ነገር ግን የዘመኑ ቅደም ተከተል ይህን አስተያየት አይደግፍም፡፡ አይ ቢ ኤም በ1980ዎቹ አጋማሽ የአንድ ሜጋቢት የማስታወሻ ገበታዎችን በአዲሱ ሽፋን ባተመ ጊዜ የተጠቀመበት የቆየውን የሜርኩሪ መብራት ነበር፡፡ ስለዚህ ኬሚስትሪው ሌዘሩን አልጠበቀም እንላለን፡፡ ለፈጠራው ሦስት ምክንያት አብረው ተገኝተዋል፤ አንደኛው የብርሃን እጦት ነው፡፡ ሁለተኛው ከሌላ ሙያ የመጣ ስጦታ ነው፤ ኦኒየም ጨውን በ1970ዎቹ ጀምስ ክሪቬሎ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ያጠናው ለቀለምና ለማጣበቂያ ማድረቂያ እንጂ ለኤሌክትሮኒክስ አልነበረም፡፡ ሦስተኛውም ልዩ ልዩ ትምህርት ያላቸው ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር መገናኘታቸው ነው፡፡

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ፡፡ አሲዱ ጥቂት ሆኖ ብዙ የሚሠራ ከሆነ፣ ጥቂቱን አሲድ የሚያጠፋ ነገር ብዙውን ሥራ ያጠፋል ማለት ነው፡፡ በፋብሪካዎቹ የሆነውም ይኸው ነው፡፡ ዛሬ የተሳካው ሥራ ነገ ሳይሳካ ይቀር ነበር፤ መስመሮቹም ከላይ እንደ ቲ ፊደል ቆብ ደፍተው ይገኙ ነበር፡፡ በ1991 የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች ምክንያቱ አየሩ መሆኑን አስታወቁ፡፡ ከቀለምና ከማሟሚያ የሚወጣ አሞኒያ መሰል እንፋሎት፣ ከአየሩ ቢሊዮን ክፍል ውስጥ ጥቂት ክፍል ብቻ ቢሆንም፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን አሲድ ይገድለዋል፡፡ አንድን ክፍል ቀለም መቀባት ብቻ ምርትን ለማበላሸት ይበቃል ማለት ነው፡፡

መድኃኒቱ በብዙ በኩል ተፈለገ፡፡ አየሩ በከሰል ማጣሪያ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በብርሃኑና በማሞቂያው መካከል ያለው ጊዜ አጠረ፤ ኢቶና ባልደረቦቹም ሽፋኑ በሙቀት ጠብቆ እንፋሎቱን እንዳያስገባ የሚያደርግ ፖሊመር ሠሩ፡፡ ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ኬሚስቶቹ ጠላት የነበረውን አልካሊ ራሱን በጥቂቱ መጥነው በሽፋኑ ውስጥ መጨመራቸው ነው፡፡ አሲዱ ከተፈለገው ቦታ አልፎ እንዳይሄድ የሚገታው ይህ ነው፡፡ መርዙ በልክ ሲሰጥ መድኃኒት ሆነ፡፡

በ1990ዎቹም ማባዛቱን አንድ እርምጃ ለማራመድ የሞከሩ ነበሩ፡፡ በጃፓን ኩኒሂሮ ኢቺሙራና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካም የፖላሮይድ ኩባንያ ኬሚስቶች፣ አሲድ ሲነካቸው ሌላ አሲድ የሚወልዱ ሞለኪውሎችን አዘጋጁ፡፡ በፊተኛው ዘዴ አሲዱ ይሠራል እንጂ ቁጥሩ አይጨምርም፤ በዚህኛው ግን አሲድ አሲድን ይወልዳል፡፡ ይህ በእውነት እንደ እርሾ ነው፡፡ ነገር ግን እርሾ ከተፈለገው በላይ እንደምታቦካ ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ሽፋን ብርሃን ሳያይ በመጋዘን ሳለ በራሱ እንዳይጀምር መጠበቅ አለበት፡፡ የማባዛት ኃይል በጨመረ መጠን ጥንቃቄውም ይጨምራል፡፡

ዛሬ ጥያቄው እንደ ገና ጠንክሯል፡፡ ከ2019 ገደማ ጀምሮ ታላላቅ ፋብሪካዎች በ13.5 ናኖሜትር ብርሃን ማተም ጀምረዋል፡፡ በዚህ ሞገድ አንዱ ፎቶን ከ193 ናኖሜትሩ ፎቶን 14 እጥፍ ያህል ኃይል አለው፤ ስለዚህ በእኩል ኃይል የሚደርሱት ፎቶኖች ቁጥር በዚያው መጠን ያንሳል፡፡ ፎቶኖቹ ጥቂት ሲሆኑ አንዱ ስፍራ ይበዛለታል፣ ሌላው ይጎድልበታል፤ ማባዛቱም ጉድለቱን ጭምር ያበዛዋል፡፡ አሲዱ በጉዞው ጥቂት ናኖሜትር ሲያልፍ፣ መስመሩ ራሱ ከ20 ናኖሜትር በታች ከሆነ ድንበሩ ይደበዝዛል፡፡ በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ማባዛቱን ትተው ወደ ቲን ኦክሳይድ ሽፋን ማዘንበል ጀምረዋል፡፡

ነገሩ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም በ2019 በሐምሌ ወር ታይቷል፡፡ ጃፓን ወደ ደቡብ ኮሪያ በሚላኩ ሦስት ዕቃዎች ላይ ቁጥጥር ባጠበቀች ጊዜ አንዱ ፎቶሬዚስት ነበር፤ ቁጥጥሩ የተነሣው በ2023 ነው፡፡ በጠርሙስ የሚላክ ፈሳሽ የሁለት መንግሥታት ክርክር ሆነ ማለት ነው፡፡ በ2013 የጃፓን ሽልማት ለዊልሰንና ለፍሬሼ በዚሁ ሥራ ተሰጠ፤ ኢቶ ግን ከዚያ አስቀድሞ በ2009 ዐርፎ ነበር፡፡

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እንረዳለን፡፡ አንደኛው፣ አዲስ የሚባለው ፈጠራ አንዳንድ ጊዜ በሌላ ሙያ የታወቀ አሮጌ ሐሳብ ነው፤ ከታልቦት እስከ ሳን ሆዜ 140 ዓመት ያህል አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ሕጉ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ቤት ይሠራበት ነበር፡፡ ሁለተኛው፣ ጥቂቱን የሚያበዛ ዘዴ መልካሙንና ስሕተቱን አይመርጥም፡፡ ስለዚህ የዚህ ዘዴ ታሪክ እኩሌታው የማብዛት፣ እኩሌታውም የመግታት ታሪክ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፡፡