ከሐሰተኛ ግምት ወደ መልስ፦ ያለ ዲሪቬቲቭ እኩልዮሽን የመፍታት ዘዴ አመጣጥ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1650 ገደማ አህመስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ ከገለበጣቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ አንድ ሰባተኛው ሲታከልበት 19 የሚሆነው ቁጥር ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ስሌቱ ቁጥሩን 7 ነው ብሎ ይጀምራል፤ ድምሩም 8 ይሆናል። 19 የ8 ስንት እጥፍ እንደሆነ ተፈልጎ 7 በዚያው ሲባዛ 16 ከ5/8 ይገኛል። ግምቱ ሐሰት መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ወደ መልሱ ያደረሰውም ራሱ ስሕተቱ ነው።

ቻይናውያን «ዘጠኙ ምዕራፎች» በተባለው የሒሳብ መጽሐፋቸው ሰባተኛ ክፍል በአንድ ግምት ፋንታ ሁለት ወስደው በትርፍና በጉድለት ያሰሉ ነበር። በዐረብኛ ይኸው ስልት የሁለቱ ስሕተቶች ሒሳብ ይባል ነበር፤ በ9ኛው መቶ ዓመት ቁስጣ ኢብን ሉቃ በጂኦሜትሪ አረጋግጦታል። ፊቦናቺም በ1202 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ሊበር አባቺ» ለአውሮፓ አስተላልፎታል።

ይሁን እንጂ ደንቡ ፍጹም መልስ የሚሰጠው ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር ሲሆን ብቻ ነው። ጥምዝ በሆነ ጊዜ የተገኘው ቁጥር እንደገና ግምት ይሆናልና ስሌቱ መደጋገም አለበት። ካርዳኖ በ1545 እ.ኤ.አ. «አርስ ማግና» በተባለው መጽሐፉ ይህን መሰል አካሄድ ወርቃማ ደንብ ብሎ አቅርቧል። በኋላ የመጣው የኒውተን ዘዴ ፈጣን ቢሆንም ዲሪቬቲቭ ይጠይቃል፤ ፋንክሽኑ ከመለኪያ መሣሪያ በተገኘ ቁጥር ብቻ በሚታወቅበት ሥራ ግን ዲሪቬቲቩ በእጅ የለም።

ለመምህር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ካሬው 2 የሆነውን ቁጥር መፈለግ ነው። ግምቶቹ 1 እና 2 ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ጉድለት 1፣ የሁለተኛው ትርፍ 2 ነው። እያንዳንዱ ግምት በሌላው ስሕተት ተባዝቶ ድምሩ 4 ለስሕተቶቹ ድምር ለ3 ሲካፈል 1.3333 ይወጣል። ይህና 2 በተመሳሳይ መንገድ ሲሰሉ 1.4 ይሰጣሉ። እስከዚህ ሁለቱ ዘዴዎች አይለያዩም። የጥንቱ ደንብ መልሱን ከሁለት ወገን ይዞ ለመቆየት 2ን አይለቅም፤ ቀጥሎ 1.4118 ያገኛል። የቆራጭ መስመር ዘዴ ግን 2ን ትቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ግምቶች ይወስዳል፤ ሁለቱም ጎዶሎ ስለሆኑ በድምር ፋንታ ልዩነት ተወስዶ 1.4146 ይገኛል። እውነተኛው መልስ 1.4142 ነው።

ፍጥነቱ ዋጋ አለው። የቆራጭ መስመር ዘዴ መልሱን ከሁለት ወገን መያዙን ስለሚተው፣ መነሻው መጥፎ ከሆነ ርቆ ሊሄድ ይችላል። ግማሽ በግማሽ የመክፈል ዘዴ ደግሞ፣ ፋንክሽኑ ያልተቋረጠ እስከሆነና ሁለቱ ወገኖች እስከተያዙ ድረስ፣ አይስትም፤ ግን አዝጋሚ ነው። ደከር በ1969 እ.ኤ.አ. ሁለቱን አጣምሮ አቀረበ፤ ብሬንት በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሻሻለው። በዚህ አሠራር ኮምፒውተሩ ፈጣኑን እርምጃ ይሞክራል፤ እርምጃው ከተያዘው ወሰን ከወጣ ወይም እምብዛም ካላራመደ ወሰኑን ለሁለት ከፍሎ ይቀጥላል።